ማንኪያውን ገልብጡት

እንደምን ዋላችሁ! ልጅ ያቀፋችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ ምንጣፉ ሰፊ ነው። በሩ ጋ የቆማችሁት አባቶችም እንዳትሾልኩ፣ ዛሬ ለእናንተም ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት።

ከራሴ ልጀምር። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ነርስ ነበርኩ። ያም ሆኖ ልጁን ያሳደግኩት በጡጦ አጥሚት ነው። አጃ በሉት፣ ገብስ በሉት፣ ስንዴ በሉት፣ ዘጠኝ ዓይነት እህል ለቅሜ አስፈጭቼ ነበር። ዘጠኝ! ለጎረቤት ሁሉ ሳወራ ነው የከረምኩት። ታዲያ በጡጦው ቀዳዳ እንዲያልፍልኝ አቀጥነዋለሁ፣ ደግሜ አቀጥነዋለሁ፣ ልጁ ጠጥቶ ሆዱ ንፍት ይልና ይተኛል፣ እኔም ጠገበልኝ ብዬ ወደ ሥራዬ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሁለት ወር ሙሉ ንቅንቅ አላለም። የመዘነችው ባልደረባዬ ምንም ሳትናገር ጡጦውን ከቦርሳዬ አወጣች፣ ማንኪያ ላይ ጠብ አደረገችና ገለበጠችው። ዥው ብሎ ወረደ። «ይሄን ነው የምታበዪው?» አለችኝ። ነርስ ነኝ ባይ! እስካሁን ሳስታውሰው እሳቀቃለሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። ያቺን ትንሽ ቦታ ውሃ ከያዘው ምግብ የት ይግባ? ስለዚህ ገንፎው ማንኪያው ላይ ቁጭ ማለት አለበት፤ ስትገለብጡት ቶሎ የማይፈስ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ዓይነት። በጡጦ አያልፍም? እሰየው! ጡጦ በደንብ ካልጸዳ ለተቅማጥ ይዳርጋል፣ እሱን ማጽዳት ደግሞ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ያጠበ ያውቀዋል።

እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ። ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ቅቤም አያሻም። አያቶች ይቅርታ አድርጉልኝ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይችለውም፣ በተለይ ብረት የሚባለውን ንጥረ ነገር፤ ልጁ ከማህፀን ይዞት የመጣው ስንቅ በዚያ ሰሞን ያልቅበታል። ምግብ ተጀመረ ብላችሁ ግን ጡት እንዳታስጥሉት፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ።

ዱቄቱስ? ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ገብስ ወይ ጤፍ ወይ በቆሎ፣ ከባቄላ ወይ ከሽምብራ ጋር። በቃ። የኔ ዘጠኙም ቢሆን ያው እህል ነው። የጎደለው ሌላ ነበር፦ እንቁላል፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ አቮካዶ፣ ሲገኝ ደቀቅ ተደርጎ የተፈጨ ሥጋ ወይ ጉበት። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን አይገኝም፣ አውቃለሁ፣ ኑሮውን አብረን እያየነው ነው። ግን ለቤተሰቡ ምስር ወጥ ስትሠሩ፣ ምስሩ በስሎ ከቁሌቱ ጋር ሳይገናኝ ሁለት ጭልፋ ለልጁ ቀንሱለት። ከአልጫው አንድ ድንችና አንድ ካሮት አውጥታችሁ ጨፍልቁ። ለብቻው ገበያ የሚወጣለት ምግብ አይደለም። ደግሞ ዶሮ ካላችሁ እንቁላሉን ሸጣችሁ ብስኩት አትግዙለት፣ እባካችሁ። አስኳሉም ነጩም በደንብ በስሎ ይብላው። ሻይ በዳቦ የምትሰጡም አላችሁ፤ ሻይ ያችኑ ብረት ሰውነቱ እንዳይወስዳት ይከለክላል። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም።

ገንፎው ጠጥሮበት መዋጥ ካቃተውስ? ውሃ ልትጨምሩ ነው፣ አየኋችሁ! አንድ ዘዴ ላሳያችሁ። ሻጋታ የሌለው ንጹሕ የብቅል ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በረድ ብሎ ሞቅ ያለው ገንፎ ላይ ጣል አድርጋችሁ አማስሉት። ዓይናችሁ እያየ ይላላል፣ ያውም ጠብታ ውሃ ሳይገባ። ከዚያ መልሳችሁ እሳት ላይ አንተክትኩት። አያሰክርም፣ አትሳቁ! ጠላ የሚያሰክረው ተጠምቆ ሲብላላ ነው።

በቀን ስንቴ? ከ6 እስከ 8 ወር ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ሦስት አራት ጊዜ፣ በመሀል እንደ ሙዝ ያለ መክሰስ። እያዋራችሁት፣ ሳታስገድዱት።

አሁን አባቶች። በፈረንጆቹ 2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ከመቶው 37ቱ መቀንጨር ገጥሟቸዋል፤ ለዕድሜያቸው አጭር ናቸው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ልጁ አጠር ሲል «አባቱን ወስዶ ነው» እንላለን። አንዳንዴ እውነት ነው፣ እናንተን ሳይ። ብዙ ጊዜ ግን ሳህኑ ነው።

ጾሙንም ሳላነሳ አላልፍም። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደማይጾም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ችግሩ ድስቱ ነው። እንቁላል የነካው ድስት ለጾም ወጥ አይሆንም፣ እናትየው ድስቱ እንዳይነካባት ትፈራለች፣ እንቁላሉ ይቀራል፣ ልጁም ሳያውቀው ሁዳዴን ይዞ ቁጭ። ሌሎቹን አጽዋማትና ረቡዕ አርቡን ጨምራችሁ ብትቆጥሩት የዓመቱን ግማሽ ያህል ነው። መፍትሔው አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ ለልጁ ብቻ፣ ከሌላው ዕቃ ተለይታ የምትቀመጥ። የምትገዙት እናንተ ናችሁ፣ በሩ ጋ ያላችሁት። ሥራ ይዤ መጥቻለሁ ያልኩት ይሄንን ነው።

በሉ፣ ገንፎው ደርሷል። ጠዋት እዚሁ የሠራነው ነው፤ የገብስና የባቄላ ዱቄት፣ የተፈጨ ጎመን፣ አንድ እንቁላል፣ ጠብታ ዘይት። እጃችሁን ታጠቡና አንድ አንድ ማንኪያ እያነሳችሁ ገልብጡት፣ አወራረዱን እዩት፣ ከዚያ ቅመሱ። ጨው የለውም ብላችሁ እንዳታሙኝ፣ ለእናንተ አልተሠራም።