የጠቆመ ሁሉ ተያዥ አይደለም
(በጋራ መኖሪያ ቤታችን ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። የእሑድ ጠዋታችሁን ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ። ወንበር ያዋሰንን ዕድር፣ ከንጋት ጀምረው ቡና ሲያሰናዱ የቆዩትን እናቶችም እንዲሁ። በዓመቱ ያረፉትን ጎረቤቶቻችንን ነፍስ ይማር። በር ላይ የፈረማችሁትን ቆጥሬያለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ናችሁ። አምስት ብሎክ ይዘን ሠላሳ ስምንት! መዋጮ ሲጨመር ደረጃው ላይ ቆሞ የሚያጉረመርመው ሰው ከዚህ ሦስት እጥፍ ነው። ይሁን፤ የመጣ ሰው በቀረው ሰው ፋንታ መወቀስ የለበትምና ልለፈው።

የሥራ ክንውኑን ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርባሉ። የደረጃው መብራት ተተክቷል፣ የጥበቃው ቤት ጣሪያ ተከድኗል፣ የውኃ መሳቢያው ሞተር ተጠግኗል። የቆሻሻው ጉዳይ እንደምታዩት ነው።

እኔን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን አንድ የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ብሎክ በየፊናው ስለሚያወራው፣ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አንድ ጊዜ በወጉ ልናገረው። ኅዳር ላይ ከሦስተኛ ፎቅ አንድ መታጠቢያ ቤት ውኃ እየሰረገ የታችኛውን ቤት ኮርኒስ ያረጥብ ጀመር። የላይኛው ቤት ባለቤት የቧንቧ ሠራተኛ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አንዲት እኅታችን፣ «የኩሽናዬን ቧንቧ የቀየረልኝ ልጅ አለ፤ እጁ ጥሩ ነው» ብለው ስልኩን ሰጧቸው። አክለውም «ሥራውን ሳይጨርስ ሙሉ ገንዘብ እንዳይሰጡት» አሉ። ይህን ሁለት ሰው ሰምቷል፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ልጁ መጣ። ሴራሚኩን ፈነቀለ፣ ወለሉን ቆፈረ፣ «ዕቃ ልግዛ» ብሎ የዋጋውን ሦስት አራተኛ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሲደወል የምትመልሰው ያቺ ሁላችንም የምናውቃት የቴሌዋ ሴትዮ ብቻ ሆነች፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትላለች። በሦስተኛው ቀን የታችኛው ቤት ኮርኒስ ተገንጥሎ አልጋ ላይ ወረደ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እስከዚህ ያለው ጉዳት ነው፤ ያሳዝናል፣ ይጠገናል። ያልተጠገነው ቀጥሎ የመጣው ነው። የላይኛው ቤት ባለቤት እኅታችንን ደረጃ ላይ አስቁመው፣ ሰው እየሰማ፣ «ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ገንዘቤን ይክፈሉኝ» አሏቸው። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ «እስቲ ይታያል» ብሎ ተነሣ። በሦስተኛው ላይ እኅታችን የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የተጣጠፈ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ገንዘብ ያዣችን ቆጠሩት፤ አራት ሺህ ነበር። «የቀረውን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ብቻ ስሜን አታንሡት» ብለው ወጡ። ሰባት ሰዎች ተቀምጠን ነበር። አንዳችንም ተነሥተን በሩ ላይ አልደረስንባቸውም። እኔ ለበሩ ቅርብ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉን አገላብጫለሁ። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግምት እንደማይኖር፣ በግልጽ መነገር እንዳለበት፣ ዋሱ የሚገባበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ውሉ እንደማይጸና ይናገራል። እኅታችን መቼ «ዋስ ነኝ» አሉ? የትኛውን ገንዘብ ጠሩ? ለቤት ሠራተኛ ተያዥ ስንጠይቅ እኮ የመታወቂያ ቅጂ ተቀብለን፣ አስፈርመን ነው። ልዩነቱን እናውቀዋለን ማለት ነው። የምንረሳው ገንዘብ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ሕጉንም እንተወው። እኅታችን የመሰከሩት ስለ አንድ የኩሽና ቧንቧ ነው። ቧንቧ መቀየር ሌላ፣ ወለል አንሥቶ የውኃ ስርገት ማቆም ሌላ። ፀጉር አስተካካዩ ጎበዝ ነው ስለተባለ ጥርስ አስነቅላለሁ የሚል ሰው አላየሁም። ምን አሠሩት? መቼ? ስንት ተቀበለ? ዛሬስ ይንጠባጠባል? ብሎ መጠየቅ የጠያቂው ድርሻ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲህ ግቢያችን አፉን መዝጋቱ ነው። ወደዚህ ስንገባ እንዴት እንደነበርን አስታውሱ። ቤቱን የተረከብነው ግድግዳው ሳይለሰን፣ መብራትም ውኃም ሳይገባ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ተነሥተን በርሜል መሙላት እንዳለብን የነገረን መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ቀድሞ የገባው ላልገባው ነገረው እንጂ። ለመብራት 905፣ ለውኃ 906 ደውሉ ብሎ በጠመኔ ደረጃው ግድግዳ ላይ የጻፈው ጎረቤት ነው፤ ጽሑፉ እስከ አሁን አለ። ጤፍ ከማን ይገዛ ሲባል አምስት ሰው ይመልስ ነበር፤ አምስቱም ይጣሉ ነበር፤ ያም ደግ ነበር። ዛሬ ለልጅ አስጠኚ ፈልጎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ «እኔ እንጃ» ነው። ሃያ ዓመት አንድ ሐኪም ጋ የታከመ ሰው «እኔ እንጃ» ይላል!

የካቲት ላይ አንድ ሕፃን የፈላ ሻይ ክንዱ ላይ ፈሰሰበት። እናቱ በር አንኳኳች። ሁለት በር «እኔ እንጃ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው» አለ። ሦስተኛው የጥርስ ሳሙና አቀበላት፤ እርሷም ቀባችው። ከፊት ለፊት ያሉት ነርስ ጩኸቱን ሰምተዋል። በኋላ የነገሩኝን እንዳለ ልንገራችሁ፦ «አንድ ነገር ቢሆን እኔኑ ነው የሚይዙኝ ብዬ በሩን ይዤ ቆምኩ» አሉኝ። ደግነቱ አልቻሉም፤ ወጡ። ሳሙናውን በውኃ አጥበው አስለቀቁና «ቀዝቃዛ ውኃ ሳይቋረጥ ለሃያ ደቂቃ ይፍሰስበት» አሉ። ቀኑ ግን ፈረቃችን አልነበረም፤ ቧንቧው ደረቅ ነው። ያን ጊዜ ከሦስት ቤት ጀሪካን ወጣ፤ አንዱን የጎተቱት በእግራቸው የማይጠኑ አባት ናቸው። በጣሳ እየተፈራረቁ አፈሰሱበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ጤና ጣቢያ ሰደዱት። ልጁ ደኅና ነው፤ አሁን እንኳ ውጭ ሲጮህ የምትሰሙት እርሱ ነው። በዚያ ቀን ኮርቻለሁም፣ አፍሬያለሁም።

የላይኛው ቤት ባለቤት ዛሬም አልመጡም። ሰውን በሌለበት ማማት ነውር ስለሆነ፣ የምለው እንዲነገራቸው ነው፤ ጎረቤቶቻቸው እዚህ አላችሁ። ወንድሜ፣ መጎዳትዎን አውቃለሁ፤ ያን ልጅ ለመፈለግ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አብሬዎት ሄጃለሁ። ነገር ግን እናትዎ ባረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ምጣድ ላይ የዋሉት እኒሁ ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ማን ዋስ ሆነላቸው?

እኅታችንም የሉም፤ አልፈርድባቸውም። ገንዘባቸው አልተነካም፤ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ በገንዘብ ያዣችን መሳቢያ ነው። ዛሬ ጉባኤው እንዲመለስላቸው እንዲወስን እጠይቃለሁ፤ ሲመለስም በሰው ተልኮ ሳይሆን ሰባታችንም ቤታቸው ሄደን ነው።

ሌላው ሐሳቤ ቀላል ነው። በጥበቃው ቤት አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ሠራተኛ ያሠራ ሰው ቀኑን፣ ያሠራውን ሥራ፣ የከፈለውን ዋጋ ይጻፍበት። በቅንነት የጠቆመ አይጠየቅ፤ እያወቀ የዋሸ ይጠየቅ። ከሠራተኛው ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ካለ ግን (እንዳለም ሰምቻለሁ) እርሱ ደላላ ነው፤ ደላላነቱን አስቀድሞ ይናገር። በዚህ ላይ ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው ከቡናው በፊት ያደረግነው።

ወደ አጀንዳው ከመግባታችን በፊት አንድ የግሌ ጉዳይ አለኝ። የመታጠቢያ ቤቴ ቧንቧ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲንጠባጠብ ያድራል። ሠራተኛ የሚያውቅ ካለ ስልኩን ይስጠኝ፤ ደብተሩ ላይ የመጀመሪያውን መስመር እኔ እጽፋለሁ።