ለግብር ቅናሽ ብላችሁ አትፈርሙ

የተከበራችሁ የፒክስ አይላንድ ነዋሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የቆምኩት ደሴታችን በአሜሪካ ሜይን ግዛት ካለችው ከፖርትላንድ ከተማ ተለይታ የራሷ ከተማ እንድትሆን ፊርማችሁን ልጠይቅ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ግብር ይቀንስልኛል ብላችሁ አትፈርሙ።

ግብር የሚሰላበት የቤት ግምት ሲሰቀል ስንቱ አዛውንት ቤቱን ለመሸጥ እንደተገደደ አይቻለሁ። ጎረቤታችን ሎንግ አይላንድም እ.ኤ.አ. በ1993 ከፖርትላንድ የወጣችው በዚሁ ንዴት ነው። ነገር ግን ከወጣን መንገዱ፣ ቆሻሻው፣ እሳት አደጋው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በእኛ ጫንቃ ላይ ነው። ከከተማው ዕዳም ድርሻችንን መውሰዳችን አይቀርም። ግብሩ ይቀንሳል ብዬ ብምልላችሁ ዋሽቻለሁ።

ታዲያ ለምን እንውጣ? እዚህ ሌሊት ሰው ሲታመም መጀመሪያ ወደቡ ድረስ ይወሰዳል። ከዚያ በእሳት አደጋ ጀልባ ባሕሩን ይሻገራል። ማዶ ደግሞ ሌላ አምቡላንስ ይጠብቀዋል። አምስተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በጃንዋሪ ብርድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቦርሳውን አዝሎ ማዶ ትምህርት ቤት ለመሄድ ጀልባ ይጠብቃል። ስለ ትምህርት ቤታችንና ስለ እሳት አደጋችን የሚወስነው ግን ዘጠኝ አባላት ያሉት የከተማው ምክር ቤትና ማዶ ያለው የትምህርት ቦርድ ነው። የወረዳ ተወካያችንን እንኳ ከማዶ ሰፈሮች ጋር ነው የምንጋራው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የመለየት ጥያቄያችን በሜይን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ውድቅ ሲሆን የደሴት ምክር ቤት ተሰጠን። ጥሩ ሰዎች ደክመውበታል፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ይመክራል እንጂ አይወስንም። በዚያው ዓመት ሌላዋ ጎረቤት ደሴት ቼቢግ ከከምበርላንድ ከተማ ተለየች። ያነሳሳቸው ትምህርት ቤታችንን እናጣለን የሚል ስጋት ነበር። ከከተማው ጋር ተደራድረው፣ ተስማምተው ነው የወጡት። እኔም የምመኘው እንዲህ ያለውን መንገድ ነው። ብንለይም ነገ ሆስፒታላችን፣ ገበያችን፣ የልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማዶ ነው።

ሕጉ ከተመዘገበው መራጭ ከግማሽ በላይ እንዲፈርም ይጠይቃል። ከዚያ የሕዝብ ውይይት አለ። የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ አውጪው ነው። መንገዱ ረጅም ነው።

አልፈርምም የሚል ጎረቤት ካላችሁ እባካችሁ አትቀየሙት። የእሱ ጥያቄዎች ለበጀታችን ያስፈልጉናል።

ቅጾቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አሉ። ስማችሁን በመራጮች መዝገብ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። አመሰግናለሁ።