ዘበኛው ብቻውን

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው።

ባለፈው ሳምንት የጠፋሁት ቤት ስቀይር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስለ ሲልቨር ስፕሪንጉ ሊፍት ስነጫነጭባችሁ ከረምኩ። ይኸው ተገላገላችሁ። አሌክሳንድሪያ ገብቻለሁ። ድምፄ የሚያስተጋባው ምንጣፍ ስላላነጠፍኩ ነው።

ዓሣዎቹ ደኅና ናቸው። የላካችሁት መልእክት ሁሉ «ወይዘሮዋ እንዴት ናት» ስለሆነ ይኼን ላስቀድም። እኔ እንዴት እንደሆንኩ የጠየቀ የለም። ወይዘሮዋ ደኅና ናት፤ ባሏን እንደ ልማዷ እያሳደደች ነው። ክላውንፊሽ ሲጀምር ሁሉም ወንድ ነው፣ አውራ የሆነው ወደ ሴትነት ይለወጣል ያልኩ ጊዜ የተቆጣችሁኝ ሰዎች... አሁንም እውነት ነው። ምን ላድርግ።

ለማንኛውም። ዛሬ የመጣሁት ስለ አሸዋው ላወራ ነው።

አይ፣ መጀመሪያ ባልዲዎቹ። የዓሣዎቹ ታንክ 40 ጋሎን ነው፤ 150 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ውኃው ብቻውን ከ150 ኪሎ ያልፋል። ከነውኃው አይነሣም። ግማሽ ትተን እናንሣው ብትሉ መስታወቱ መገጣጠሚያው ላይ ይለቃል። ስለዚህ ሁሉም ይወጣል፤ ዓሣው ለብቻ፣ ድንጋዩ ለብቻ፣ ውኃው ለብቻ። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ ማን ቤት አለ? እማዬ ቤት። የሊጥ ባልዲ። እያጉረመረመች አራቱንም ሰጠችኝ።

«ድንጋዩን ደግሞ ለምን ውኃ ውስጥ ነክረሽ ትወስጃለሽ? ድንጋይ አይደለም እንዴ?» አለች። እማዬ፣ እሱ እርሾ ነው አልኳት። የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ይገድላቸዋል። ድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው አሞኒያውን ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ናይትሬት እያደረጉ ያኖሩን። ውኃው ውስጥ ያን ያህል የሉም። ውኃ ቢደፋ ጨው በጥብጬ ሌላ እሠራለሁ። ድንጋዩ ከደረቀ ግን የአሥራ አራት ወር እርሾ ሞተ፤ እንደገና ከዜሮ ነው። ገባት። ከእኔ በላይ ገባት። «እርሾ ብርድ አይወድም» ብላ ሁለት ጋቢ አወጣች። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ውጪው ውርጭ ነበር፤ ውኃው ደግሞ 25 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። የሊጥ ባልዲዎች ጋቢ ለብሰው ሊፍት ሲጠብቁ ያነሣሁት ፎቶ አለኝ። እለጥፈዋለሁ።

እማዬ ባሕር ከተነሣ አትቻልም። ወጣት ሆና ምጽዋ፣ ገርጉሱም ላይ የተነሣችው ፎቶ አላት፣ ሳሎኗ የገባ ሁሉ አይቶታል። የበጠበጥኩትን ውኃ በጣቷ ቀመሰችና «ጨው ያንሰዋል» አለች። ለካሁ። 35 ነው፣ በሊትር 35 ግራም፣ ልክ እንደሚባለው። «ያንሰዋል» አለች። በኋላ ሳስበው ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል። እና ያ ምላስ ይኼን ሁሉ ዓመት... ቆይ፣ ከምን ተነሥቼ ነው?

አሸዋው።

አሸዋው ከሥሩ ጠቁሯል። ሲነካ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል። አየር የማይደርስበት ቦታ የሚፈጠር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ያማከርኩት ሰው ሁሉ ያለኝ አንድ ነው። አሮጌውን አሸዋ ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ የዓመት ቆሻሻ በአንዴ ይለቀቅብሻል። አዲስ ግዢ፣ ከአሮጌው አንድ ኩባያ ብቻ ያዢ። ትክክል ናቸው። አሁንም ትክክል ናቸው እላለሁ።

ግን እማማ የምትኖረው አሸዋ ውስጥ ነው።

ዘበኛውንና እማማን ታውቋቸዋላችሁ። እሷ ዓይኗ እምብዛም የማያይ ፒስቶል ሽሪምፕ፣ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዷን ስትጠርግ። እሱ ጎቢ የሚባለው ትንሽ ዓሣ፣ ደጃፏ ላይ ተጎልቶ። አንዱን አንቴናዋን ከጭራው አታነሣም። ጭራውን ካርገበገበ ገባች ማለት ነው።

ትልቁን ድንጋይ ሳነሣ ጉድጓዳቸው ተናደ። ዘበኛው ብቅ አለ፣ በመረብ ያዝኩት። እማማ የለችም። በእጄ ፈለግኳት። ውኃው ደፍርሶ አተላ መስሏል፣ የገዛ ጣቴ አይታየኝም።

ታች ደግሞ «መንገድ ላይ ነኝ» የምለው ሰውዬ ትራኩን ይዞ ደርሷል። ሁለት ሰዓት አርፍዶ፣ ግን ደርሷል። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ትራኩን የተከራየነው በሰዓት ነው። ክላክሱን ያንባርቀዋል።

እኔ በጆግ አሸዋውን እየጨለፍኩ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ እገለብጣለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ይመስለኛል...

ጧ።

ትንሽ ድምፅ ናት። ጣት ስናስጮኽ የምትሰማዋን ታህላለች። እናንተም ታውቋታላችሁ፤ ማይኩ እየያዛት «ከኋላሽ ምንድነው የሚሰበረው» ስትሉኝ ከርማችኋል። መቆንጠጫዋ ተጋጭቶ አይደለም የሚጮኸው። ሲዘጋ ውኃው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈርስ ነው ጧ የሚለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በድምፅ የሚያድኑትን ሰዎች የእነዚህ ሽሪምፖች ጫጫታ ያስቸግራቸው ነበር። የጦር መርከብ የሰማውን እኔ ጆሮዬ ሥር ሆኖ...

«ጆጉ ነው» አልኩ።

በአፌ ነው ያልኩት። ጮክ ብዬ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ሰው ሳይጠየቅ ከመለሰ... ያውቅ ነበር ማለት አይደል? ወይስ አይደለም? ምክንያቱም ጆጉ በእውነት ይጮኻል። መያዣው ተሰንጥቋል። ትናንት ማታ ውኃ ሞልቼ ሞከርኩት። ይጮኻል። ግን እንደዚያ አይጮኽም። እንደዚያ ይጮኻል እንዴ? አንድ አሥር ጊዜ ስሞክር አምሽቼ በመጨረሻ ሁለቱንም መለየት አቃተኝ።

ገለበጥኩት። አምስተኛውን ጨለፍኩ። ፌስታሉን በሌላ ፌስታል ደርቤ አሰርኩ። ወርጄ የቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ጣልኩት። ከብዶኝ ስለነበር ሲያርፍ ድብ አለ።

ዊልሰን ድልድይ ላይ ስንደርስ መኪናው ተዘጋጋ፤ 495 አውራ ጎዳና ቅዳሜም ዕረፍት የለውም። ፖቶማክ ላይ ቆመናል። ዘበኛው ባልዲ ውስጥ ሆኖ እግሮቼ መሀል ነው። የባትሪዋ የአየር ፓምፕ ዝዝዝ ትላለች። ያን ጊዜ «ተመለስ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት ልፈልግ ሞክሬያለሁ፣ የለም። ሰኞ ቁልፍ ልመልስ ስሄድ ገንዳው ባዶ ነበር።

በዚያ ብርድ ከውኃ ወጥታ የት ትደርሳለች ብሎ ያጽናናኝ ሰው አለ። ይሆናል። ግን እኔ ድልድዩ ላይ ያን አስልቼ አልነበረም ዝም ያልኩት።

ለእማዬ ነገርኳት። ጾመ ነቢያት ላይ ነን፣ ሽሮ እያማሰለች ነው። «ዓሣ ነው የሞተው?» አለች። ሽሪምፕ ነው አልኳት። ማማሰያዋን አቆመችና «ለማይበላ ነገር ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለች። (ሳቅ) ሳቅኩ በእውነት። ትንሽ ቀለለኝም።

አዲሱ ታንክ ደኅና ነው። በሁለተኛው ቀን አሞኒያው 0.25 አሳየኝ፣ ሩቡን ውኃ ቀየርኩ፣ አሁን ዜሮ ነው። እርሾው ሠርቷል። አሸዋው ነጭ፣ እንደ ሆቴል አልጋ።

ዘበኛው ግን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ወደ ውጪ አድርጎ፣ ጭራውን ወደ ኋላ። ኋላው ምንም የለም። ቁራጭ ቱቦ ቀበርኩለት፣ አልገባም። ፊቱ አደረ።

እኔ «ዘበኛው» ያልኩት ሰፈር የነበሩት ጋሽዬ ትዝ ብለውኝ ነው፣ ነግሬያችሁ አላውቅም። ቤታችን ተሽጦ የወጣን ቀን በሩ ላይ ቆመው ነበር። ግቢው ባዶ ነው። ቁልፉን ገዢው ይዞታል። እጃቸውን እንደ ሁልጊዜው አነሡልኝ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ቻርጀር እየፈለግኩ ነበር። ቀና ስል መኪናው ታጥፏል። የት ሄዱ? ትናንት እማዬን ጠየቅኳት። «ዘመድ ነበራቸው መሰለኝ» አለች። መሰለኝ።

አይ... ተዉት። ዓሣ ነው። የማወራው ስለ ዓሣ ነው።

ዓሣ ቤቱ ሌላ ሽሪምፕ አላቸው። 35 ዶላር ነው። ከለመደው ጎቢ ጋር በቀናት ይግባባሉ አለኝ ልጁ። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ወይም... አላውቅም። ድንጋዩ እኮ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ሁሉንም አላየሁም።

እና ከኋላዬ የሆነ ነገር ጧ ሲል ከሰማችሁ የቤቱ ማሞቂያ ነው። ብረቱ ሲሞቅ ይጮኻል። ማታ ማታ በተነሣሁ ቁጥር እሱ ነው። እስካሁን እሱ ነው...