ስንኝ፣ ቁጥር፣ አያ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ካለው የአያቴ ቤት ሆኜ ነው፤ ክረምት ስለሆነ የቆርቆሮው ድምፅ ጣልቃ ቢገባ ይቅር በሉኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የጎረቤት ልጅ፣ «‹ቨርስ› በአማርኛ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ ቃል ልመልስላት አልቻልኩም። በግጥም ከሆነ ስንኝ ነው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር፣ በቁርኣን ደግሞ አያ ወይም አንቀጽ፤ በዘፈንም ከአዝማቹ ውጪ ያለውን ስንኝ እንለዋለን። (በእኛ አገር «አያ» ታላቅን ሰው የምንጠራበት የአክብሮት ቃልም ስለሆነ፣ ልጅ ሳለሁ የቁርኣኑን አያ ስሰማ አንድ ሽማግሌ የሚጠሩ ይመስለኝ ነበር።)

የፈረንጁ ቃል ሥር በላቲን መዞር ማለት ነው፤ አራሽ ትልሙን ጨርሶ በሬዎቹን እንደሚመልሰው ያለ መዞር። የእኛ «ግጥም» ግን የወጣው ከ«ገጠመ» ነው፤ በር ከመቃኑ ይገጥማል፣ ክዳን ከአፉ ይገጥማል። የሁለት ስንኝ መጨረሻ በድምፅ ሲመሳሰል ቤት መታ እንላለን፤ ዐረቦችም አንዱን ሙሉ ስንኝ «በይት» ይሉታል፣ ትርጉሙም ያው ቤት ነው። የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ምት፣ ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ለማሳያ ያህል፣ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መኪና ውስጥ የገጠምኩትን ልበላችሁ፦

ሐረጎን ስወርደው መንገዱ ጠምዝዞኝ፣
ደሴ ላይ የተውኩት ልቤ ተከተለኝ።

ትልቅ ግጥም አይደለም፤ ሆኖም «ስወርደው» ላይ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያርፍ ጮክ ብሎ ያነበበው ሰው ያገኘዋል።

በአባቴ በኩል ያሉት አያቴ የብራና ዳዊት ነበራቸው። በዚያ ዳዊት እያንዳንዱ የመዝሙር ስንኝ በአዲስ መስመር ይጀምራል፤ ስንኙ ከገጹ ስፋት ሲበልጥ ጸሐፊው የተረፉትን ፊደላት ወደሚቀጥለው መስመር አያወርዳቸውም፣ ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች ጠጋ አድርጎ ይሸጉጣቸዋል። አባባ በየዕለቱ ድርሻቸውን ሲደግሙ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ፣ ጣታቸው እነዚያ የተሸጎጡ ፊደላት ላይ ሲደርስ ድምፃቸው ሳይቆም ከፍ ሲል ትዝ ይለኛል። በአንጻሩ የሐዲስ ኪዳን ቁጥሮች አሁን ባላቸው መልክ የወጡት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1551 ነው፤ የቆጠራቸውም ሮቤር ኤቲየን የተባለ አታሚ ነው። ቁጥሩ ቦታ ለማግኘት ይረዳል፣ ከዚያ አልፎ ግን ትንፋሽን አይጠብቅም። የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 1 ከቁጥር 3 እስከ 14 በግሪኩ አንድ ዓረፍተ ነገር መሆኑን ሳውቅ፣ በየቁጥሩ እየቆምኩ ያነበብኩባቸው ዓመታት አሳዘኑኝ።

ቁርኣን ግጥም መባልን አይቀበልም፤ በያሲን ምዕራፍ አንቀጽ 69 ነቢዩ ግጥም እንዳልተማሩ በግልጽ ይናገራል። አያ ማለትም ምልክት፣ ተአምር ማለት ነው። የአያ ርዝመት እኩል አይደለም፤ አል-ከውሠር የተባለው ምዕራፍ በሦስት አያ ሲያልቅ አል-በቀራ የተባለው 286 አለው። ስለዚህ እንደ ስንኝ በቀለም አይመጠንም፣ ድምፁ ማረፊያው ላይ ቢመሳሰል እንኳ ሙስሊሙ የእናቴ ወገን ቤት መታ አይለውም።

የእናቴ ወገን ግጥሙን የሚያወርደው በመንዙማ፣ በእስልምናው የውዳሴ ዜማ፣ ነው። ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በ19ኛው መቶ ዘመን በአማርኛ የደረሷቸው መንዙማዎች የተጻፉት በዐረብኛ ፊደል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምቦልቻ በአጎቴ ቤት በተደረገ ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ የጸሎት ስብሰባ፣ ላይ በስልኬ ቀድቼ፣ ዜማውን የሚመራውን የአውራጁን ስንኞች በሙሉ በደብተር ገለበጥኳቸው። አዝማቹ ስለሚደጋገም አንድ ጊዜ ከላይ ጽፌ ተውኩት። ሳነበው ግን ያን ሌሊት ድቤው ሲመታ የሰማሁት ነገር ጠፍቷል፤ ስንኞቹ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ጠርዛቸው ተነሥቷል። ጥፋቱን መጀመሪያ በአውራጁ ላይ አሳበብኩ። በኋላ ደብተሩን ለአጎቴ አነበብኩላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተቀባይ እንጂ አውራጅ ሆነው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «የእሱን ጽፈህ የእኛን የት ጣልከው?» አሉኝ።

ቅጂውን እንደገና ከፍቼ፣ ገጹን ለሁለት ከፍዬ፣ በቀኝ አውራጁን በግራ ተቀባዩን መጻፍ ጀመርኩ። በየመመለሻው አዝማቹ ያው አይደለም፤ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ በጭብጨባ ይታጠፋል፣ አንዴም አውራጁ ሳይጨርስ ይነጥቀዋል። አንድ ቦታ ላይ አውራጁ የመጀመሪያውን ሐረግ ብሎ ሲያስል፣ ቤት መምቻውን የጨረሱት ተቀባዮቹ ናቸው፤ ከመካከላቸውም የአጎቴ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ያን ስንኝ በየትኛው ወገን እንደምጽፈው ስላልቆረጥኩ፣ እስካሁን በመካከለኛው መስመር ላይ ተጋድሞ ይገኛል።