ክኒኑን በፀበሉ ዋጪው
(በግቢ ጉባኤ ለጤና ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። አባቶቼ ይባርኩኝ። ተመራቂዎች እንኳን ደስ አላችሁ፣ እዚህ ያላችሁ እናቶችም እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፣ የእናንተም ምርቃት ነው።

የተሰጠኝ ርዕስ "ሳይንስና እምነት ይታረቃሉ ወይ" ይላል። ኮሚቴው ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ ማን አጣላቸው? እኔ የማውቀው አንድ ጠብ ነው፣ እሱም የተጣላው አፌ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ እሱን ልንገራችሁ።

2002 ዓ.ም. ነው፣ አዲስ ነርስ ነኝ፣ ኤአርቪ ክሊኒክ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት፣ መድበውኛል። የአክስቴ ልጅ (ፈቅዳልኝ ነው የማወራው፣ ስሟን ግን አልጠራም) መድኃኒት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነበር፣ ሲዲፎሯ (በሽታ የሚከላከለው የደም ሴሏ ቁጥር) እየወጣ፣ ፊቷ እየተመለሰ። አንድ ቀን ካርዷን ይዛ መጣችና ቀስ ብላ "ፀበል ልገባ ነው ሁለት ወር፣ መድኃኒቱን እንዴት ላድርገው" አለችኝ። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቷል፣ እኔም ደክሞኛል፣ ምን ብላት ጥሩ ነው? "ፀበሉ የሚያድንሽ ከሆነ እኔ ጋ ምን አመጣሽ!" አልኳት። በሰው ፊት። ሳቁ። እኔ፣ እዚሁ ግቢ ጉባኤ ውስጥ ያደግኩት፣ ከበሮ ስመታላችሁ የነበርኩት።

ሄደች። እዛ ደግሞ አንድ አስተናባሪ ክኒኑን አይቶ "ይሄ ካለ ፀበሉ አይሠራም፣ እምነት ጎደሎ ነሽ" ብሎ አስጣላት። ልብ በሉ፣ አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና በ1999 ዓ.ም. ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር። ፓትርያርኩ የፈቀዱትን አንድ ጀሪካን ደርዳሪ ከለከለ! ማን ሾመው? የትኛው ሲኖዶስ? ሲራክ 38ን ገልጦ ያውቃል፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው የሚለውን?

እና ተመራቂዎች ይቺን ያዙ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ ጠርጎ አያወጣውም፣ ተደብቆ ይቀመጣል። ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይነሳል፣ ሰውየው ግን ለወራት ምንም ላይሰማው ይችላል፣ እንደውም ማቅለሽለሹ ስለሚቀርለት "ተሻለኝ" ይላል። የአክስቴ ልጅም አልዋሸችም፣ እውነት ተሽሏት ነበር! "ዳንኩ" ብላ ደወለች፣ አክስቴ ዳቦ ደፋች፣ ሰፈር ተጠራ። በአምስተኛው ወር ተሸክመን አመጣናት። 34 ኪሎ።

አልጋ ላይ ሆና እንኳን ክኒኑን እምቢ አለች። እኔ ስለ ቫይረስ አስረዳለሁ፣ ዶክተሩ ይቆጣል፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ። ያዳናት ማን መሰላችሁ? አክስቴ የነፍስ አባታቸውን አመጣች፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ደረጃ ወጡ። አልሰበኩም። የሃይላንዱን ፀበል ከፈቱ፣ "ክኒኑ የቱ ነው" አሉኝ፣ መዳፏ ላይ አስቀመጡላትና "በይ ልጄ፣ በፀበሉ ዋጪው" አሏት። ዋጠች። እኔ የአራት ዓመት ትምህርቴን ይዤ እዛው ቆሜያለሁ።

ስለ አስተናባሪው ሳወራ አጨበጨባችሁ አይደል፣ ለእኔስ? እሱ መድኃኒቷን አስጣላት፣ እኔ ግን መጥታ እንድትጠይቀኝ የነበራትን ድፍረት ነው ያስጣልኳት። ከሁለታችን ማን የባሰ ነው? በሽተኛው እኮ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚመጣው፣ አንዱን ጣል የምንለው እኛ ነን። ነጭ ጋዎን ለብሳችሁ በሰው ፀበል የምትስቁ ከሆነ ዛሬውኑ ጋዎኑን መልሱት!

ሌላም አዘጋጅቼ ነበር፣ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ባሕረ ሐሳብን ብቻ፣ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን ስሌት። ዲያቆናቱ ታውቁታላችሁ፣ የ2018ን ብትሠሩ ሁለቱ የስሌቱ ቁጥሮች፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፣ ተደምሮ 30 ካልመጣ ተሳስተሃል ተብሎ እንደገና ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስሌት ጾሙን የሚያወጣ ቤት ልጅ ሳይንስ ይፈራል? ከፈረንጅ ደግሞ አተር እየዘራ የዘር ውርስን ሕግ ስላገኘው መነኩሴ ስለ ሜንዴል፣ ቢግ ባንግ ስለምንለው የዓለም አጀማመር ሐሳብ ጀማሪ ስለ ቄሱ ሌሜትር ጽፌ ነበር፣ እሱን ራሳችሁ አንብቡት።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ካርድ ስትሞሉ "ፀበል ትሄዳለህ ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። እሄዳለሁ ካለ ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቁና የሚበቃውን ክኒን ቆጥራችሁ ስጡት፣ ጠዋት ሳይቀምስ ፀበል የሚጠጣ ከሆነ በምን እንደሚውጠው ተነጋገሩ። ሁለት ደቂቃ ነው።

እሷ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ያኔ ጠዋትና ማታ ነበር፣ አሁን በቀን አንድ ፍሬ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ። አላርሙን እኔም ስልክ ላይ ሞልተነው ነበር፣ እስካሁን አላጠፋሁትም፣ እራት ላይ ከጮኸ እንዳትደነግጡ።