ከወገብ መርፌ በኋላ፦ ቀኑ ሳያልፍ

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ፣ ያውም ልጅ አዝላችሁ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወንድሞች፣ ፊት ወንበር አለ። ጉዳዩ የእናቶች ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ቆይቼ እናንተም ጋ እደርሳለሁ።

ለብዙ ዓመታት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነርስ ነበርኩ። አሁን ለጠበቆች የሕክምና መዝገብ አነባለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ስለዚህ የምነግራችሁ ጠቅላላውን ነው፤ የየራሳችሁን ጉዳይ የሚመዝንላችሁ የሕግ ሰው ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር እንዲገባችሁ ነው። በሕክምና ስህተት የተጎዳ ሰው በዚህ አገር መብት አለው፤ መብቱ ግን ቀን ተቆርጦለታል። ቀኑ ደግሞ እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ አካባቢ ድልድይ በተሻገርን ቁጥር ይለያያል።

ኤፒዱራል የሚባለውን የምጥ ማስታገሻ የወገብ መርፌ አትውሰዱ ልላችሁ አልመጣሁም። እኔም ወስጃለሁ። አብዛኛው በሰላም ያልቃል። መርፌው በወገብ አጥንቶች መካከል ይገባል፤ ህብለ ሰረሰርን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ውጪ ባለው ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ቀጭን ቱቦ ይቀራል፤ መድኃኒቱ በሱ ይወርዳል። አንዳንዴ መርፌው አልፎ ሽፋኑን ይበሳዋል። ከመቶ እናቶች አንዷን የሚያጋጥማት ነገር ነው። ከተበሳባቸው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከባድ ራስ ምታት ይይዛቸዋል። ስትተኛ ይተዋታል፣ ቀና ስትል ይፈልጣታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መብሳቱ ብቻውን አያስከስስም። እጁ የሰላ የሰመመን ሐኪምም ይበሳል። ፍርድ ቤት «ጉዳት ደረሰ ወይ?» ብሎ አይቆምም፤ «ጥንቁቅ ባለሙያ በዚያ ቦታ ቢሆን እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ? ጉዳቱስ የመጣው ከዚያ ነው ወይ?» ይላል። ስለዚህ እኔ መዝገብ ስከፍት መጀመሪያ የማየው መርፌው የገባበትን ሰዓት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

እንበል አንዲት እናት በማግስቱ «ቀና ስል ጭንቅላቴ ሊፈርጥ ነው» አለች። ነርሷ ጻፈች፤ ታይለኖል ሰጠች። የሰመመን ሐኪም ግን ማንም አልጠራም። በሦስተኛው ቀን «ድካም ነው» ተብላ ወደ ቤት ተሸኘች። ከገዛ ክንዷ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ተቀድቶ ወገቧ ላይ ቢሰጣት ብዙዎች በዚያው ቀን የሚያገኙትን እፎይታ ልታገኝ ትችል ነበር። ወይም እንበል መድኃኒቱ ከቆመ ሰዓታት አልፈዋል፤ እግሯ ግን አልታዘዝ አለ። ወይም ድኖ ተመልሶ ሰነፈ። ሽንቷ ተያዘ። ወገቧን አመማት፣ ትኩሳትም አላት። ይሄ ደም ወይም መግል ህብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። በአስቸኳይ ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ ሰዓት በገፋ ቁጥር እግሩ የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። መዝገቡ ላይ ነርሷ «ግራ እግር ደካማ» ብላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጽፋ፣ ሐኪም የመጣው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ፣ ጠበቃ የሚይዘው ያንን ክፍተት ነው።

መድኃኒት መሳሳትም አለ። በ2006 በዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ፣ ምጥ ላይ ለነበረች የ16 ዓመት ልጅ አንቲባዮቲክ መሰጠት ሲገባው የኤፒዱራሉ መድኃኒት በደም ሥሯ ገባ። ልጅቷ ሞተች፤ ሕፃኑ ተረፈ። እንዲህ ያለው ነገር ላይ ክርክሩ ቀላል ነው፤ ኤክስፐርት ብዙ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ወንድሞች። ታክሲና ኡበር ስትነዱ ውላችሁ ወገባችሁ ያልቃል። ነርሲንግ ሆም ሰው ስታነሱ የምታድሩትም እንዲሁ። ክሊኒክ ሄዳችሁ የምትወጉት የስቴሮይድ መርፌም ኤፒዱራል ነው። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2014 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል፦ አልፎ አልፎ ነው፣ ግን ስትሮክ፣ ሽባነት፣ የዓይን ብርሃን ማጣትና ሞት ሊያመጣ ይችላል ብሎ። ይህ ሳይነገራችሁ ከተወጋችሁ ያ ራሱ ጥያቄ ነው። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ሐኪሙ ላይሆን ይችላል። በ2012 ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍሬሚንግሃም ያለ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት ፈንገስ የገባበት ስቴሮይድ አሰራጨ። በ20 ስቴቶች 753 ሰው ታመመ፤ በመጀመሪያው ቆጠራ ብቻ 64ቱ ሞቱ። ሜሪላንድና ቨርጂንያም ነበሩበት። ወጊዎቹ ሐኪሞች ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አላወቁም። ለተጎጂዎች ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የካሣ ገንዘብ ተሰብስቧል፤ የድርጅቱ ኃላፊም ታስሯል።

ወደ ቤታችን እንግባ። እናቲቱ ወጣች። እንግዳው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጎርፋል፣ ገንፎው ይገነፋል። እሷ ሻሽ አስራ ተኝታለች። ራሴን ስትል አንዷ «ምች ነው» ትላለች፣ ዳማከሴ ይጨመቃል። ሌላዋ «ብርድ ነው፣ መስኮቱን ዝጉት» ትላለች። ዳማከሴውን አልቃወምም፤ እኔም ቤት አለ። ግን እያሸተታችሁ ሆስፒታሉ ጋ ደውሉ። ወዲያው። ለጤናዋ ከሁሉ በላይ ነው፤ ለመብቷም ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያና ዲሲ በሕጋቸው አንድ ክፉ ነገር ይጋራሉ፦ ለጉዳቱ የተጎጂው የራሱ ቸልተኝነት ትንሽ እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ካሣው ሙሉ በሙሉ ሊቀር ይችላል። አብዛኛው ስቴት እንዲህ አያደርግም። «ትኩሳት ካለሽ ተመለሺ» የሚል ወረቀት ይዛ ወጥታ አራት ቀን ከቆየች የመድን ድርጅቱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ስትደውሉ ከማን ጋር እንደተነጋገራችሁና ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

አሁን ቀኑ። የሚታየው የምትኖሩበት ሳይሆን ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ነው። ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ እየኖራችሁ ዲሲ ከወለዳችሁ የዲሲ ሕግ ነው። ዲሲ ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ የሚቆጠረው ጉዳቱን ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ጊዜ ነው። ክስ ከመመሥረቱ 90 ቀን በፊት ለተከሳሹ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሜሪላንድ ጉዳቱ ከደረሰ አምስት ዓመት ወይም ከታወቀ ሦስት ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው። ቨርጂንያ ጨካኝ ናት፦ ሁለት ዓመት፣ ያውም በአብዛኛው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። «አላወቅሁም ነበር» ማለት እዚያ ብዙም አያድንም። የገንዘቡ ጣሪያም ይለያያል። ቨርጂንያ የሕክምና ወጪውንም ጨምሮ ጠቅላላውን ካሣ ትገድባለች፤ ጣሪያው በየዓመቱ 50,000 ዶላር እየጨመረ በ2031 ሦስት ሚሊዮን ይደርሳል። ሜሪላንድ የምትገድበው ለሕመምና ለስቃይ የሚከፈለውን ነው። ዲሲ ጣሪያ የለውም።

ጠበቆችም የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። አንዳንድ የሰፈር ክሊኒኮች በፌዴራል ገንዘብ ስለሚሠሩ ሐኪሞቻቸው በሕግ እንደ ፌዴራል ሠራተኛ ይቆጠራሉ። ያዋለዳችሁ ሐኪም የክሊኒኩ ሠራተኛ ከሆነ፣ የወለዳችሁት ትልቅ የግል ሆስፒታል ቢሆንም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አቤቱታው በጽሑፍ ለፌዴራል መንግሥት መቅረብ አለበት። የሜሪላንድ ሦስት ዓመት አያድናችሁም። ስለዚህ «ሐኪሙ የማን ሠራተኛ ነው?» ብላችሁ በጊዜ ጠይቁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ለታካሚዎች ቅሬታ ክፍል ማመልከት ጥሩ ነው። ለሐኪሞች ቦርድም ማመልከት ይቻላል። አንዳቸውም ግን ይርጋውን፣ ማለትም የክሱን ቀን ገደብ፣ አያቆሙትም። «ጉዳዩን እያየነው ነው» የሚል ትሁት ደብዳቤ እየጠበቁ ሁለት ዓመት ያለፈባቸው አሉ።

መዝገባችሁን ዛሬ ነገ ሳትሉ ጠይቁ። በፌዴራል ሕግ ሆስፒታሉ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ አንዴ ብቻ 30 ቀን ማራዘም ይችላል። ምክንያት መናገር አይጠበቅባችሁም። ስልካችሁ ላይ ባለው ፖርታል የምታዩት ሁሉም አይደለም። የሰመመኑን ገጽ፣ የነርሶቹን ማስታወሻና የመድኃኒት አሰጣጡን ሰዓት ጨምሮ ሙሉውን ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የሰመመኑ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንደተሞከረ፣ ቱቦው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደገባ፣ የሙከራው መድኃኒት መቼ እንደተሰጠ፣ ቱቦው ሲወጣ ጫፉ ሙሉ መሆኑ ይጻፋል። ባዶ የተተወ ሳጥንም ይናገራል።

የፈረማችሁት ወረቀት አያስፈራችሁ። ፊርማው አደጋው ተነግሮኛል ማለት ነው እንጂ በቸልተኝነት ጉዱኝ ማለት አይደለም። በምን ቋንቋ ተነገራችሁ? ሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር የ12 ዓመት ልጃችሁን «ለእማማ ንገራት» ማለት አይችሉም። ምጥ ላይ ሆና ባል በሰባራ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ የተፈረመ ከሆነ ለጠበቃው ንገሩት። አስተርጓሚ ከነበረ መለያ ቁጥሩ መዝገቡ ላይ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁም መክሰስ ትችላላችሁ። ለተጎዳ ሰው መብት የሚሰጠው ጉዳቱ እንጂ ግሪን ካርዱ አይደለም።

ስለ ጠበቃ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት አሞ የዳነ ራስ ምታት ማንም አይይዝላችሁም። ምስክር የሚሆኑት ሐኪሞች ውድ ናቸው፤ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ደግሞ ያለ ባለሙያ ማረጋገጫ ክሱ አይራመድም። ጠበቃ «አይ» ቢላችሁ አልተጎዳችሁም ማለት አይደለም፤ ሌላም ጠይቁ። የሚይዘው ሰው ከፊት ገንዘብ አይቀበልም፤ ድርሻውን የሚወስደው ሲያሸንፍ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ብንሸነፍ የባለሙያውን ወጪ የሚችለው ማነው?» መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ ይጻፍ።

መዝገብ መጠየቂያ ቅጹን በአማርኛ ማብራሪያ አዘጋጅተን በር ላይ አስቀምጠናል። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩ እየዞረ ነው። የግል ጉዳያችሁን እዚህ ሰው ፊት አትዘርዝሩ፤ ስንጨርስ እኔ ጋ ኑ።