ጡረታ ወጣ አልኳቸው

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ተውኩት። ትናንት ማታ ስልክ ተደወለልኝና ሐሳቤ ሁሉ ወደዚያ ሄደ።

ጋሼን ታስታውሷቸዋላችሁ፣ የግምጃ ቤቱን ጋሼ። ዳታቸውን ወደ አዲሱ ሲስተም ላዞር መሄዴን ነግሬያችሁ ነበር። የመጨረሻውን ቀን ግን አልነገርኳችሁም።

ፎክስፕሮው፣ ጋሼ እቃ የሚመዘግቡበት የድሮው ፕሮግራም፣ ክፍት ነው። ጋሼ በግራ እጃቸው ሞዴል 22፣ የእቃ ወጪ ወረቀት፣ ይዘዋል፣ በቀኝ የእቃውን ቁጥር መቱ። ኢንተር። ጣታቸውን ሳያነሱ ካርዱ መጣ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ከዚያ ዞር አሉና፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን አጥፍቶ ነው የሚነሳው?" አሉኝ።

እኔም ቸኮልኩ። "ምንም አላጠፋም ጋሼ፣ ካምፓኒው ጡረታ አውጥቶት ነው።"

ጡረታ! ጋሼ ለመውጣት ሁለት ወር ነበር የቀራቸው። ይሄን እያወቅኩ ነው ያልኩት።

"እሺ" አሉ። ሞዴሉን አጣጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። ፋይል ውስጥ መግባት የነበረበት ወረቀት ነው። ጋሼ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ኪሳቸው ሲከቱ አይቼ አላውቅም።

ምን ማለት ነበረብኝ? ታሪኩን ከነገርኳቸው ረጅም ነው። ፎክስፕሮን የሠራችው ኦሃዮ ውስጥ የነበረች ፎክስ ሶፍትዌር የምትባል ካምፓኒ ናት። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 1992 ገዛት። በዚያው ዓመት አክሰስን አወጣ። ኤስኪውኤል ሰርቨርም ነበረው። ሦስቱም ዳታ ያዥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር። ፎክስን ያን ያህል ፈጣን ያደረገው ረሽሞር የሚባለው የፍለጋ ዘዴ ደግሞ ወደ አክሰስ ተወሰደ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቪዡዋል ፎክስፕሮ 9 በ2004 መጨረሻ ወጣ። በ2007 ማርች ላይ 10 የሚባል እንደማይኖር ተነገረ። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ፕሮግራመሮች ማስፎክስፕሮ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፣ አልሆነም። በ2015 ጃንዋሪ ድጋፉም አበቃ።

ለምን? እኔ ገንዘብም አለበት ባይ ነኝ። በፎክስ የተሠራን ፕሮግራም ለመቶ ቢሮ ማከፋፈል ይቻላል፣ ለማይክሮሶፍት የሚጨመር ክፍያ የለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን በላይሰንስ ነው የሚሸጠው። ከዚያ ዶት ኔት የሚባለው የማይክሮሶፍት አዲስ የፕሮግራም መሥሪያ መጣ፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ፎክስ የድሮው ዓይነት፣ 32 ቢት ነው። ወደ 64 ማሳደግ እንደ አዲስ መሥራት ነው። አንድ ቴብል፣ የዳታ ሰንጠረዥ ማለት ነው፣ ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ለትልቅ ባንክ ይሄ አይበቃም። ለጋሼ ጎማና ፊልትሮ ግን ዕድሜ ልክ ይበቃ ነበር።

ቆይ ግን። አንድ ነገር ዘልዬ እያወራሁ ነው።

ክረምት ላይ መብራት በሄደ ቁጥር የሚደወለው ለኔ ነበር። ፋይሉ ክፍት እያለ መብራት ከሄደ ኢንዴክሱ፣ ፕሮግራሙ እቃውን ፈልጎ የሚያገኝበት ማውጫ፣ ይበላሻል። አንዴ ጋሼ 40 ጎማ አጎደሉ ተባሉ። ሦስት ቀን ቆጠሩ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጠቁሮ፣ ምሳ ሳይወጡ። ጎማው ሙሉ ነበር። ሞዴል 19ኙም፣ የእቃ ገቢው ወረቀት፣ ተመዝግቧል፣ የተበላሸው ኢንዴክስ ነው ያላሳየው። እንደገና ኢንዴክስ ሳደርገው 40ውም መጡ። ጋሼ ስክሪኑን ትኩር ብለው አይተው፣ "ተመስገን" ብቻ ነው ያሉት።

ታዲያ እንዴት "ምንም አላጠፋም" እላቸዋለሁ? ያጠፋው እኮ እሳቸው ላይ ነበር። እሳቸው ግን ያንን ቀን ረስተው አይመስለኝም የጠየቁኝ። እያወቁ ነው... ወይም ሰው አብሮት የኖረውን ነገር... እንጃ። ይሄን ስንት ቀን አሰብኩት፣ ልክ አልመጣልኝም።

የትናንቱ ስልክ የሳቸው ነበር። ከወጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ እናቴ ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ነገር እዚህ የልጄ ላፕቶፕ ላይ ይሠራ ይሆን?" አሉኝ።

ይሠራል። ዛሬም ዊንዶውስ ላይ ይነሳል። "ይሠራል ጋሼ፣ ቅዳሜ መጥቼ እጭንልዎታለሁ" አልኳቸው።

ምን ሊመዘግቡበት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቤት ውስጥ ምን ገቢ፣ ምን ወጪ... መጠየቅ ነበረብኝ እንዴ? ቅዳሜ ስሄድ... እስቲ፣ እንጃ።